የትናንት ዳቦና የኦቦ ድሪባ ቲማቲም

ባለፈው ሰሞን ቦሌ መንገድ ዳር ካለ ካፌ ገብቼ ሜኑው ላይ «የስፔን ቁርስ» የሚል አየሁና አዘዝኩ። በመጣልኝ ዳቦ ላይ ቲማቲም ተከትፏል፤ ቲማቲሙ ላይ አቮካዶ፣ አቮካዶው ላይ አይብ፣ አይቡ ላይ ስሙን የማላውቀው ቅጠል ተደርቧል። ቁርስ ሳይሆን ኮንዶሚኒየም ነው። አስተናጋጁን «ይሄን የሠራው ማነው?» ስለው «ሼፋችን ዱባይ የተማረ ነው» አለኝ በኩራት። ፎቆቹን አንድ በአንድ በሹካ አፍርሼ ምድር ቤቱ ስደርስ ግን፣ ዳቦው ገና ትኩስ ነበርና፣ ነጭ ሽንኩርት ታሽቶበት ኖሮ ሽታው ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

የጋለ ዳቦ ላይ የታሸ ነጭ ሽንኩርት ሽታው የጥሬም አይደለም፣ የበሰለም አይደለም። በሁለቱ መካከል ለአፍታ ብቻ የሚኖር ነገር ነው። እኔ ያን ሽታ የማውቀው በአንድ የሁዳዴ ጾም ነው።

የእኔ እኩያ የሆኑ የቦሌ ልጆች ሲሰበሰቡ ድሮን እያነሱ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ አላለቅስም። የድሮው ቦሌ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ጅብ ከእኛ ቀድሞ መንገዱን ይጠቀምበታል። ይናፍቀኛል የሚል ሰው ወይ ረስቷል ወይ መኪና ነበረው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ መደብ ቲማቲም ግን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።

ቀለበት መንገዱ የሚቆፈርበት ዘመን ነበር። ከገርጂ ወደ ሰሚት በሚወስደው በኩል፣ ዛሬ መኪና ማቆሚያ በማይገኝበት፣ ያኔ ከአንድ ቤት አጥር እስከ ሌላው የስንዴ ማሳ ነበር። አባቴ ቪላውን ጣራ አልብሶ ሞተ፤ እናቴ ሰናይት ቀሪውን ጨረሰችው። ሲያልቅ ግን አልገባንበትም። የጊዜው የቦሌ ወግ እንዲህ ነበር፦ ሰው ቪላ ይሠራል፣ ቪላውን ለፈረንጅ ያከራያል፣ ራሱ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ገብቶ የገዛ ሳሎኑን በመስኮት እያየ ይኖራል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበርና ነገሩ አልገባኝም። ቪላው እኛን ሊጠይቅ መጥቶ እንቢ ብሎ የቀረ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ፊት ጮክ ተብሎ አይወራም፣ እግር ተዘርግቶ አይቀመጥም።

የተከራየችው ፒላር የምትባል የስፔን ሴት ናት። የውሃ ጉድጓድ የምታስቆፍር መሐንዲስ ነበረች፤ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ አንገቷ በፀሐይ የቀላ፣ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። አማርኛ ትሞክራለች፤ እናቴን «እማማ፣ አንተ ደህና ነህ?» ትላታለች። እናቴም ፊቷን ሳታጠቁር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች።

የእኔ ሥራ የፒላርን ቁርስ ማድረስ ነበር። ማለትም ዳቦ ቤት ሄጄ ፉርኖ ዳቦ መግዛት፣ ከጓሮ ሁለት ቲማቲም መቅጠፍ፣ በረንዳዋ ላይ ማስቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን እየሮጥኩ፣ እጄን እያቃጠለኝ፣ ትኩስ ዳቦ ይዤላት ደረስኩ። ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«ዛሬ አይደለም» አለች። «ትናንት። የትናንት ዳቦ።»

እናቴ ይህን ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«የደረቀ ዳቦ ነው የጠየቀችሽ?»

«አዎ። ትኩሱን ለነገ አስቀመጠችው።»

«ወይኔ ልጄን! ደመወዝ አልከፈሏትም ማለት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ በረንዳው ዳር ተቀምጬ አያት ነበር። የትናንቱን ዳቦ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ከሰል ላይ የሽቦ ወንፊት ጥዳ፣ የተሰነጠቀውን ፊቱን ወደ እሳቱ አድርጋ ታስተኛዋለች፤ ዓይኗን አትነቅልም። ጠርዙ ሲጠቁር ታነሳዋለች። አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በሻካራው ፊት ላይ ታሻለች፤ ዳቦው እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ ቲማቲሙን በወገቡ ቆርጣ፣ ግማሹን በመዳፏ ይዛ፣ ዳቦው ላይ ትጨምቀውና ትፈትገዋለች፤ እጇ ውስጥ ቆዳው ብቻ እስኪቀር። ዘይት በቀጭኑ። ጨው በሦስት ጣት። አለቀ። ምንም አትጨምርም። ስታኝክ ደግሞ አታነብም፣ አታወራም፤ አጥሩን እያየች በጸጥታ ትበላለች። በሕይወቴ ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ግን ከእሷ ሌላ ብዙ አላየሁም።

እናቴ ግን የምታየው ችግር ነበር። አንድ ቀን እንቁላል ፍርፍር፣ አንድ ቀን በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በእኔ እጅ ትልክላታለች። ፒላር «አመሰግናለሁ» ብላ ትበላለች፤ በማግስቱም ወደ ደረቅ ዳቦዋ። «ኩሩ ናት» ትላለች እናቴ፣ «እየተራበች አትናገርም።»

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ለእናቴም ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፦ አንዲት ጠብታ ቅቤ የሌለበት፣ ጥርት ያለ የጾም ምግብ! አንድ ቀን የላከችበትን ሳህን ልትወስድ ብላ ቪላው ገብታ የዘይቱን ጠርሙስ አሸተተችው። የወይራ ዘይት ነበር። ፊቷ በርቶ ወጣች።

«ቅባ ቅዱስ ቅባ ቅዱስ ይላል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠው ራሱ ነው። ይቺ ሴት እኮ ቀላል ሰው አይደለችም።»

«ታዲያ ለምን ጠዋት ትበላለች?» አልኳት። እናቴ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር።

«የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ይሆናል። የፈረንጅ ሆድ ስስ ነው። አንቺ ደግሞ የሰው ጾም አትመርምሪ።»

ቲማቲሙ የኦቦ ድሪባ ነበር። ኦቦ ድሪባ ዘበኛችን ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ጆሯቸው ትልቅ ሽማግሌ። ቦታው ለቤት ከመሸንሸኑ በፊት በዚያው ላይ ያርሱ ነበር። ከሰርቪስ ቤታችንና ከአጥሩ መካከል ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢዘረጋ የሚያህል መደብ ነበራቸው። ቲማቲሙን በባሕር ዛፍ እንጨት አቁመው፣ ከአሮጌ ጋቢ በቀደዱት ጨርቅ አስረውታል። የእሳቸው ቲማቲም የገበያውን አይመስልም፤ ትልቅ፣ ትከሻው የተሸበሸበ፣ ሲቆረጥ ውሃ ሳይሆን ሥጋ። ፒላር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጨምቀው ቆም ብላ እጇን ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዳ ኦቦ ድሪባን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። በቲማቲም በጨቀየ እጅ። እሳቸውም ሳይጠርጉት ዋሉ።

«ምን አድርገውበት ነው እንዲህ ያማረው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምንም። ላሞቼ ናቸው።»

«የታሉ?»

ወደ መሬቱ ጠቆሙ። «እዚሁ።»

ስለዚህ ላሞቻቸው ከመደቡ ሥር የተቀበሩ መሰለኝ። ተኝተው የሚያመሰኩ፣ ቲማቲሙ የሚቀላውም ከእነሱ ደም። እንዳልቀሰቅሳቸው በእግሬ ጫፍ እየሄድኩ ነበር የምቀጥፈው። የከብት በረታቸው የነበረው እዚያ ላይ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ፍግ የጠጣ አፈር እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካርታው ላይ የእኛ ነበር። እሳቸው ይህን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደላላው ሙላት መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነበር። ጓሮውን ዞሮ አየና ምላሱን ጠጠጠ አደረገ።

«እትዬ ሰናይት፣ ይሄ ነገር ይነቀል። የጎመን ቦታ አስመስሎታል። ሳር እናልብሰው። የኤምባሲ ሰው የሚከራየው ሳር ያለው ግቢ ነው። ፈረንጅ ያለ ሳር አይኖርም።»

«እንደ በግ?» አሉ ኦቦ ድሪባ ከበሩ በኩል።

ሙላት አልሳቀም። እናቴ ግን መደቡን በዓይኗ ለካችው፤ እያሰበችበት ነበር። ፊቷን ወደ ኦቦ ድሪባ አዞረች። «ምን ይሉኛል?»

«ግቢው የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ይነቀል ካሉ ይነቀላል። እኔ ግን ለሚ ከተማ ያለው ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ሳር ዘበኛ አያስፈልገውም።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነበር። ለሚ ያኔ ፋብሪካ አልነበረባትም፤ ሩቅ የገጠር አገር ነበረች። ኦቦ ድሪባ የሌሉበት በር ምን እንደሚመስል ላስብ ሞከርኩ፤ በሩ ራሱ አልታየኝም።

እናቴ በመጨረሻ ሙላትን እንዲህ አለችው፦ «እስከ ፋሲካ ይቆይ። ከጾመኛ ሴት አፍ ምግብ አልነጥቅም። በፋሲካ ማግስት ሳርህን ይዘህ ና።»

በዚህ ተለያዩ። ቲማቲሙ የቆመው በፒላር ጾም ላይ ነበር፤ ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ሙላትም ያውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ በመጣ ቁጥር «ጾመኛዋ እንዴት ናት?» እያለ ይጠይቃል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቲማቲም ልቀጥፍ ጎንበስ ስል ከሥሩ ነጭ ነገር አየሁ። የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ነው። በእኛ ግቢ ሁዳዴ ከገባ እንቁላል የሚባል ነገር በበሩ አላለፈም፤ ውሻችን እንኳ ሽሮ ነበር የሚበላው። በግቢው ውስጥ የቀረች አንዲት ሰው ነበረች፤ ፒላር።

ወንጀሉን በማንኪያ ቀበርኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ነበር። ደግሞ ቀበርኩ። የእናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ በመደቡ በኩል ስለሚያልፍ ልብስ ማስጣቱን በገዛ ፈቃዴ ተረከብኩ። «ምን ነክቷት ነው?» አለች እናቴ ለጎረቤት፣ «ጾሙ አረማት መሰለኝ።»

አንድ ቀን ተንበርክኬ ስቆፍር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ድሪባ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምን እየተከልሽ ነው?»

«ምንም።»

«እንቁላል ከሆነ አይበቅልም።»

እንባዬ መጣ። «እየበላች ነው፣ ኦቦ ድሪባ! በጾም! እማዬ ካየች ይነቀላል።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ከቆሻሻዋ አውጥቼ እዚህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለሥሩ ጥሩ ነው።»

«ጾም እኮ ነው!»

«መሬት ጾም አያውቅም።»

«እማዬ ብትጠይቅዎትስ?»

አንዱን ቅርፊት በአውራ ጣታቸው ዱቄት እስኪሆን አደቀቁት። «ከጠየቁኝ እናገራለሁ። እስከ ዛሬ ዋሽቼ አላደርኩም፤ ለቲማቲም ብዬ አልጀምርም። ግን አልጠየቁኝም።»

እንግዲህ እናቴ እንዳትጠይቅ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ። ሙላት «ጾመኛዋ እንዴት ናት?» ባለ ቁጥር «በርትታለች!» እላለሁ፤ ከሰው ሁሉ ቀድሜ። ኦቦ ድሪባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ለእሳቸው ብዬ የምዋሸውን ውሸት እሳቸው አይፈልጉትም ነበር፤ ያንንም አውቅ ነበር፤ ሆኖም ዋሸሁ።

በዚሁ መሐል ነው ፒላር አንድ ጠዋት ከዳቦዋ ግማሹን የሰጠችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ዘረጋችልኝ ብቻ። ጠርዙ ጥርሴ ላይ ተሰበረ፤ መሐሉ ግን በቲማቲም ርሶ እንደ እንጀራ ለስልሷል። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ የእሳት ምሬት፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ከጉሮሮዬ ጀርባ መጣ። ዘይቱ ከንፈሬ ላይ ቀረ። ከአራት ነገር እንዲህ ያለ ጣዕም መውጣቱ አሳፈረኝ፤ ከዚያ በፊት ጣፋጭ ምግብ ማለት ብዙ ነገር የገባበት ማለት ነበር ለእኔ። ፒላር ፊቴን አይታ ሳቀችና ወደ ጓሮ ጠቆመች። «ድሪባ» አለች። ምስጋናው የእሳቸው ነው ማለቷ ነበር።

ፋሲካ ሆነ። እናቴ በነጭ ቀሚሷ፣ ዶሮ ወጡን በሰሃን ይዛ፣ እኔንም ኦቦ ድሪባንም አስከትላ ጠዋት ቪላው በረንዳ ላይ ወጣች። በገዛ ቤቷ በረንዳ ላይ እንግዳ ሆና ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ፒላር እንደ ልማዷ ከሰሏ ላይ ዳቦ ጥዳለች።

«እንኳን አደረሰሽ!» አለች እናቴ። «በይ አሁን ተገላገልሽ። ይሄን የጾም ምግብ ተዪውና ዶሮ ብዪ።»

ፒላር ግንባሯን ቋጠረች። «የጾም?»

«አዎ፣ ስትጾሚ የከረምሽው።»

«አይ፣ እማማ» አለች ፒላር እየሳቀች። «እኔ ጾም የለም። እኔ ሁሉ እበላለሁ።»

«ታዲያ ይሄን በየጠዋቱ ምን ሆነሽ ነው?»

ፒላር ቃል ፈለገች። ዳቦውን አየች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ስለሚጥም» አለች።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ኦቦ ድሪባ ዞረች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የከረምኩት ጥያቄ ሲመጣ አየሁት።

«ኦቦ ድሪባ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ይቺስ?»

እሳቸው እኔን አላዩም። «እሷን ይጠይቋት።»

አልጠየቀችኝም። ፊቴ ይበቃት ነበር። ፒላር ምኑም ሳይገባት የተጠበሰው ዳቦ ላይ ነጭ ሽንኩርት አሽታ፣ ቲማቲም ጨምቃ፣ ጨው ነስንሳ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። እናቴ ዳቦውን እንደያዘች ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት። መደቡ ዳር ቆማ በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ጫር አደረገችው። የእኔ አቀባበር የልጅ ነበር፤ ውሃ ያጠበው ቅርፊት በየቦታው ነጭ ነጭ እያለ ወጣ። ረጅም ጊዜ አየችው። እያየችም፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣ ዳቦውን ገመጠች። አኘከች። ቆመች። ደግሞ ገመጠች። ጨረሰችው። ጣቶቿን ላሰችና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ሙላት ሳሩን በፒካፕ ጭኖ መጣ። ኦቦ ድሪባ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውና አንድ ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ አጠገባቸው፣ ዱላቸው በላዩ። ወደ እሳቸው መቅረብ ፈርቼ በመስኮት ነበር የማያቸው።

እናቴ ከወጥ ቤት አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይዛ ወጣች።

«ሙላት፣ ሳርህን ከፊት ለፊት አንጥፍ። ከዚህ ወዲህ እንዳታልፍ።»

«እትዬ፣ ፈረንጅ እኮ ያለ ሳር…»

«ፈረንጇን ጠይቄያታለሁ። ሳር አትበላም።»

ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ሳፋውን ኦቦ ድሪባ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ የፋሲካው ዶሮ ወጥ እንቁላል ቅርፊት ነበር።

«ከጾሙ ጋር አንድ ላይ ይቅበሩት» አለች። «በደንብ ይቅበሩት። የዚች ልጅ አቀባበር ያሳፍራል።»

ኦቦ ድሪባ ሳፋውን አዩ፣ እናቴን አዩ። ጥቅላቸውን ሳይፈቱ በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉት። ተነሱና ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ ተጣሩ፦

«ኢንተላ ኮ! ማንኪያሽን ይዘሽ ነይ።»